የቤት ውስጥ አትክልትና የሽቦው ዐቅም

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ስሟ በታወቀው በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ የበርበሬና የቲማቲም ችግኝ የሚያፈላ ሰው ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል፤ ይኸውም የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ፣ እንዲሁም የሐምሌና የነሐሴ ደመና ነው። ስለዚህ ችግኙን ወደ ቤት አስገብቶ በአምፖል ብርሃንና በትንሽ ማሞቂያ ለማሳደግ ያሰበ ነጋዴ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ችግኙ ከሌላው ቀድሞ ለገበያ ይደርስለታልና። ነገር ግን ዘር ከመግዛት አስቀድሞ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አለ፤ የቤቱ ሽቦ ይህን ጭነት ይችላልን?

ሶኬቱ ይህን አይናገርም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሶኬት ያየ ሰው ሦስት ኀይል ያገኘ ይመስለዋል፤ ሦስቱም ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሽቦ የተቀጠሉ ናቸው፤ ምናልባትም የጓዳው ሶኬት ጭምር። ይህን ለማወቅ ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ ካሉት ብሬከሮች አንዱን አጥፍቶ በየክፍሉ መዞርና የትኛው መብራት፣ የትኛው ሶኬት እንደ ተቋረጠ መመዝገብ ይበቃል። አብረው የጠፉት ሁሉ አንድ መሥመር ናቸው፤ ጭነታቸውም በአንድነት ይደመራል።

ስሌቱ ከሱቅ ሒሳብ አይከብድም። የዕቃው ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል የሚወስደው አምፔር ይገኛል። በአገራችን ቤቶች በተለመደው አሠራር የመብራት መሥመር 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ የመዳብ ሽቦ ተሠርቶ 10 አምፔር ብሬከር ይደረግለታል፤ የሶኬት መሥመር ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሆኖ 16 አምፔር ይሆናል። 16 በ220 ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። ይህ ግን መጨረሻው እንጂ ለዘወትር የሚጫነው አይደለም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ የሚሠራ ጭነት ከብሬከሩ መጠን ከመቶ ሰማንያ እጅ እንዳያልፍ ያዝዛል። የእኛ ቤቶች በዚያ ደንብ የተሠሩ ባይሆኑም፣ የችግኝ አምፖል በቀን 14 ሰዓት የሚበራ ስለሆነ ልኩን መዋስ ይጠቅማል፤ በዚህም መሠረት ለ16 አምፔር መሥመር የሚፈቀደው 12.8 አምፔር፣ ማለትም 2,816 ዋት ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሚወስዱ አራት የኤል ኢ ዲ አምፖሎች፣ 50 ዋት ማራገቢያ፣ 20 ዋት የውሃ መግፊያና 1,000 ዋት ማሞቂያ አስገባ እንበል። ድምሩ 1,470 ዋት፣ ወይም 6.7 አምፔር ያህል ነው፤ መሥመሩ ይችለዋል። ነገር ግን በዚያው መሥመር ላይ 2,000 ዋት የሻይ ማፍያ ሲሰካ ሌላ 9.1 አምፔር ይጨመራል፤ ድምሩም 15.8 ይደርሳል። ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ብሬከሩ አልጠፋምና ደኅና ነው ይላሉ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚቸኩል አይደለም። በዓለም አቀፉ ደረጃ የተሠራ የ16 አምፔር ብሬከር 18 አምፔር ሲያልፍበት አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ መቆየት ይችላል፤ 23 አምፔር ሲሆንም ለመጥፋት እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በዚያን ጊዜ የላላ ሶኬት ይግላል፤ ከቆርቆሮው ሥርና ከጨርቅ ኮርኒሱ በላይ በእንጨት ላይ የተዘረጋው የሽቦ መጋጠሚያም ይግላል፤ ይህንንም ማንም አያየውም።

የእንጀራ ምጣድ ለብቻው ይታሰብ። ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት የሚወስድ ምጣድ ብቻውን ከ16 እስከ 18 አምፔር ይፈልጋል፤ ስለዚህ 4 ሚሊ ሜትር ካሬና ከዚያ በላይ የሆነ የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያሻዋል እንጂ ከችግኝ ቤቱ ጋር ሊዳበል አይገባም። ዋናው መግቢያ ሽቦም ሁሉንም የሚሸከም ነውና እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ማሞቂያውን ማጥፋት ወይም አምፖሉን ወደ ሌሊት ማዛወር ብልኅነት ነው። በሒሳብ ወረቀቱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሰዓት የሚጋገርበት የ3,500 ዋት ምጣድ በወር 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሲበላ፣ አራቱ አምፖሎች ብቻቸውን 168 ይበላሉ። ለሽቦው የሚከብደውና ለኪስ የሚከብደው አንድ አይደለም።

ብሬከሩ እየጠፋ ሲያስቸግር በ25 አምፔር የሚለውጥ ሰው አይታጣም። ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩ ከፍ ካለ ጠባቂው ተሰናብቶ ሌባው ገባ ማለት ነው። በአንድ ሶኬት ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር መቀጣጠልም ያው ነው። ማሞቂያ በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ይሰካ።

የዕቃ ሻጮችም ድርሻ አላቸው። በካርቶኑ ላይ 1,000 ዋት ተብሎ በጉልህ የተጻፈለት የአትክልት አምፖል፣ በጀርባው ያለው ትንሽ ጽሑፍ ሲነበብ የዚያን አምስተኛ ወይም ዐሥረኛ ብቻ የሚወስድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለስሌት የሚያገለግለው የጀርባው ቁጥር ነው። ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦም በዚያው ውፍረት የመዳቡን ያህል አይሸከምም፤ ይህንን ለገዢ ሳይነግሩ መሸጥ ንግድ አይባልም።

ችግኝ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃና ኤሌክትሪክ ደግሞ አብረው አያድሩም። አምፖሉና ሶኬቱ ከውሃው በላይ ይሁኑ፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይርገብ፣ ጠብታው ከዚያ ላይ እንዲወርድ። የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት አስቀድሞ ያን ያስገባ፤ በመሥመሩ ላይም ጅረት ወደ መሬት ሲያፈስስ ወዲያው የሚቆርጠውን የ30 ሚሊ አምፔር መሣሪያ ያስጨምር፤ ተራው ብሬከር ሽቦውን እንጂ ሰውን ከመያዝ አያድንምና። ይህ ሁሉ የሠለጠነ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው የሚገባ ፈተና አለ፤ ሁሉም ዕቃ ለሦስት ሰዓት ከሠራ በኋላ በደረቅ እጅ የእያንዳንዱን ሶኬት ፊት መዳሰስ። ለብ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እጅ የሚያስነሣ ትኩሳት ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ካለ ግን በዚያው ሰዓት ብሬከሩ ይጥፋ፣ ሠራተኛውም ይጠራ።