እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ ስለ መውደድ፤ በቤትና በገበያ

በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ልባችንን ወደ ላይ እንድናነሣ ሲያዝዝ፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ልቡ በአምላኩ ዘንድ መሆኑን ይመሰክራል። ይህን መልስ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን ስለያዝነው፣ አፋችን ሲናገረው ጆሮአችን ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ዳሩ ግን ቃሉ ምስክርነት ነው፤ የተሰጠውም በመንበሩ ፊት ነው። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥተን ነጠላችንን ካጠፍን በኋላ ይህ ልባችን ወዴት እንደሚውል መመርመር የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ የሚለው ትእዛዝ በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 በቍጥር 5 ይገኛል። ጌታችንም ከሕግ ሁሉ የሚበልጠው የቱ እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ይህንኑ እንደ መለሰ ማቴዎስ በምዕራፍ 22፣ ማርቆስም በምዕራፍ 12 ጽፈውልናል። ብዙዎቻችን ቍጥር 5ን አንብበን መጽሐፉን እናጥፋለን። ጥቂት ዝቅ ብሎ ያነበበ ሰው ግን፣ ሙሴ ለዚህ ፍቅር የወሰነለትን ስፍራ ያገኛል። ይኸውም ቤት ነው፤ መንገድ ነው፤ የመኝታና የመነሻ ሰዓት ነው፤ የልጆች ጆሮና የደጃፍ መቃን ነው። በዚያ ምዕራፍ ስለ ዕጣንና ስለ መሥዋዕት ሳይሆን ስለ ሰው የዘወትር ኑሮ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ልብ የሚለውንም ቃል ጠንቅቀን ማወቅ ይገባናል። በቋንቋችን ያስተዋለውን ሰው ልብ አለ፣ የበሰለውን ልብ ገዛ፣ የሚያመነታውንም ሁለት ልብ ሆነ እንላለን። እንግዲህ ፍጹም ልብ ማለት የሞቀ ስሜት ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለ ሐሳብና ያልተከፈለ ፈቃድ ነው። መዝሙር ሰምቶ ማልቀስ መልካም ነው፤ እኛም የሚያለቅሱትን አንነቅፍም። ነገር ግን ዕንባው ሳይደርቅ በደጅ የተቀመጠውን ነዳይ በእግሩ ገፍቶ የሚያልፍ ሰው፣ ያለቀሰበት ልብና የረገጠበት ልብ ሁለት ናቸው።

ይኸው ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 በከረጢት ሁለት ሚዛን፣ በቤትም ሁለት መስፈሪያ እንዳይኖር ይከለክላል። አንዱን ልብ ያዘዘው መጽሐፍ አንዱን መስፈሪያ ማዘዙን ልብ ይሏል። የገበያውን ነገር ሁሉም ያውቀዋልና አናስረዝመውም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት ያልቀመሰ ነጋዴ፣ ጿሚው ለወጡ በሚገዛው በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ ቢጨምር፣ ጾሙን የጾመው ሆዱ ብቻ ነው።

የቤቱ ሁለት መስፈሪያ ግን ከገበያው ይልቅ ስውር ነው፤ የሚያየውም ልጅ ነው። ባለ ዕዳ አባት በር ሲንኳኳ ልጁን ‹‹አባባ የሉም በላቸው›› ብሎ ይልከዋል። ማታ ደግሞ ያንኑ ልጅ አስነሥቶ ጸሎት ያስደርሰዋል። ልጆችን በማስተማር የኖርን ሰዎች እንደምናውቀው፣ ሕፃን በጆሮው ከሰማው ይልቅ በዐይኑ ያየውን አጥብቆ ይይዛል። አባቱ በማታ ያስተማረውን ጸሎት ሊረሳው ይችላል፤ በደጃፍ ያስተማረውን ግን አይረሳውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመጣለን። እሑድ ጧት ከብዙ ቤት አባት፣ እናትና ልጆች ነጭ ለብሰው ወደ ቅዳሴ ሲወጡ አንዲት ልጅ በቤት ትቀራለች። እርሷም የቤት ሠራተኛ ናት። ቤተሰቡ ቍርባኑን ተቀብሎ፣ ስብከቱን ሰምቶ እስኪመለስ ድረስ ቤት ትጠርጋለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ቡና ትቈላለች። ይህች ልጅ እንደ ቤቱ ልጆች በ80 ቀኗ የተጠመቀችና ሜሮን የተቀባች ክርስቲያን ናት። ከአገሯ ስትወጣ በእናቷ እጅ የታሰረላት ማተብ እስከ ዛሬ በአንገቷ ላይ ይሆናል፤ ነገር ግን ቅዳሴ ከቆመች ስንት ወር እንደ ሆናት የሚጠይቃት የለም።

ከዐሥርቱ ትእዛዛት ስለ ሰንበት የተጻፈውን በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 5 ያነበበ ሰው፣ ዕረፍቱ ለአገልጋይና ለገረድም ጭምር እንደ ታዘዘ፣ እነርሱም እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ እንደ ተባለ ያገኛል። በምዕራፍ 24ም የድኻው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈለው ታዝዟል። እኛ ግን ደመወዟን ‹‹እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ›› ብለን ወር በወር ላይ የምናሳድር ስንት ነን!

‹‹ምግቡን ማን ይሥራው?›› የሚል ይኖራል። ሌላውም አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ጠቅሶ፣ እርሱ በሐይቅ ገዳም እህል ሲፈጭ ይጸልይ እንደ ነበር፣ እርሷም በምድጃ አጠገብ ልትጸልይ እንደምትችል ይነግረን ይሆናል። ስለ አባታችን ስለ አባ ጊዮርጊስ የሚተረከው እውነት ነው፤ ወፍጮ ከጸሎት እንዳላገደውም እናምናለን። ነገር ግን ያ ምስጋና ለፈጪው እንጂ፣ ሌላውን ከወፍጮ ሥር አስቀምጦ ብቻውን ለሚቀድስ ሰው የተሰጠ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፣ ክርስቶስን በመቅደስ በሐር አልብሶ በውጭ በብርድ የሚሠቃየውን መርሳት ምን ያህል የማይገባ እንደ ሆነ አጥብቆ ገሥጿል።

የምግቡ ነገር እንደ ሆነ ፈቃድ ላለው ቤት ከባድ አይደለም። ወጡን ቅዳሜ ማታ ሠርቶ ማሳደር ይቻላል። የደረሱ ልጆች በየሳምንቱ ተራ ገብተው አንዱ ቤት ቢጠብቅ እርሷ ትሄዳለች፤ ወንዶቹም ተራው ሊደርሳቸው ይገባል፤ ቡና መቍላት የወንድን ክብር አይቀንስም። ቍርሱም አንድ ሰዓት ቢዘገይ በቅዳሴ ጾሞ ለቆየ ሰው ምን ይጐዳዋል? ትምህርት መማር የምትሻ ብትሆን የሰንበት ትምህርት ቤት ከደጃችን ሩቅ አይደለም።

የነፍስ አባታችንም ጠበል ሊረጩ ወደ ቤት ሲመጡ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ መስቀል ይሳለማል፤ በጓዳ ያለችው ግን ሣህን ስታጥብ ትረሳለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ከጓዳ ትጠራ። ከቤቱ ልጆች ጋር ቆማ ጠበሉ ይድረሳት፤ እርሳቸውም ለጸሎት የክርስትና ስሟን ይጠይቋት። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት አብራ በኖረችበት ቤት ያን ስም የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።