ፓምፑን ማን ያስነሳዋል? በውሃ ስርጭት ሞዴሎች ውስጥ ስለሚጻፉ የቁጥጥር ደንቦች

የከተማ ውሃ ስርጭት ሞዴል ሲሠራ አብዛኛው ድካም የሚውለው ቧንቧው ላይ ነው። የመስመሩ ርዝመትና ዲያሜትር፣ የውስጡ ሻካራነት፣ የየሰፈሩ ፍጆታ ይመዘገባል፤ ከመስክ ልኬት ጋርም ይመሳከራል። ፓምፑ መቼ እንደሚነሳና ቫልቩ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስኑት ጥቂት መስመሮች ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ሞዴሉ ሳይደናቀፍ እንዲሄድ ተብሎ ብቻ ይጻፋሉ። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ይመስለኛል። በ24 ሰዓት ሲሙሌሽን ውስጥ የታንከሩ የውሃ ከፍታ፣ የሌሊቱ ግፊት፣ የመብራት ወጪው፣ ውሃው ታንከር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ከዚያ ውሳኔ የሚመጡ ናቸው። ደንብ ማለት ኦፕሬተሩ ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ ግምት ነው፤ ስለዚህ የቧንቧው ሻካራነት ማስረጃ እንደሚጠየቅበት ሁሉ እሱም ሊጠየቅበት ይገባል።

በዚህ መስክ የብዙዎች መነሻ የሆነው ሶፍትዌር ኢፓኔት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሉዊስ ሮስማን ሠሪነት እ.ኤ.አ. በ1993 በነጻ ያወጣው ሲሆን፣ የሚሸጡ ሌሎች ሶፍትዌሮችም በስሌት ሞተሩ ላይ ተገንብተዋል። መቆጣጠሪያው ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ መቆጣጠሪያ አንድን ፓምፕ ወይም መስመር በአንድ ሁኔታ ብቻ ያዝዛል፦ የታንከሩ ውሃ ከዚህ ከፍታ ሲወርድ ይነሳ፣ ወይም በዚህ ሰዓት ይቁም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው ስሪት ያካተተው የደንብ መቆጣጠሪያ ግን የታንከር ከፍታን፣ የአንድን ቦታ ግፊት፣ የመስመርን ፍሰት፣ የሌላ ፓምፕን ሁኔታና ሰዓትን አጣምሮ «ይህና ያ ከሆነ እንዲህ ይደረግ፣ ካልሆነ እንዲያ» ለማለት ያስችላል። ልዩነታቸው በአጻጻፍ ብቻ አያበቃም። በቀላሉ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ ታንከሩ የተባለው ከፍታ ላይ የሚደርስበትን ቅጽበት አስልቶ የስሌት እርከኑን እዚያ ላይ ይቆርጠዋል። ደንብ ግን የሚመረመረው በራሱ እርከን ነው፤ ተጠቃሚው ካልቀየረው የሃይድሮሊክ እርከኑ አንድ አስረኛ ይሆናል። ስሌቱ በየሰዓቱ ከሆነ ደንቡ በየ6 ደቂቃው ይታያል ማለት ነው።

ይህ 6 ደቂቃ ምን እንደሚያደርግ ለማየት 12 ሜትር ዲያሜትር ያለውን ክብ ታንከር እንውሰድ። የወለሉ ስፋት 113 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ፓምፑ ከፍጆታ በላይ በሰከንድ 50 ሊትር ትርፍ ካስገባ ውሃው በሰዓት 1.6 ሜትር፣ በ6 ደቂቃ ደግሞ 16 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። አሁን አንድ ሰው «የታንከሩ ከፍታ ከ2 ሜትር ካነሰ ፓምፑ ይነሳ፣ ካልሆነ ይቁም» ብሎ ጻፈ እንበል። ሲነበብ ስህተት የለበትም። ሲሠራ ግን ፓምፑ ተነስቶ ውሃው 2 ሜትርን እንዳለፈ በሚቀጥለው ምርመራ ይቆማል፤ ፍጆታው ጥቂት ሲያወርደው እንደገና ይነሳል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። እንዲህ የሚነሳና የሚቆም እውነተኛ ሞተር መጠምጠሚያው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ትክክለኛው አጻጻፍ «ካልሆነ» የሌለበት ሁለት ደንብ ነው፦ ከ2 ሜትር በታች ይነሳ፣ ከ5 ሜትር በላይ ይቁም። ያኔ ፓምፑ አንዴ ከተነሳ ሁለት ሰዓት ገደማ ሳይቋረጥ ይሠራል። በሁለቱ ከፍታዎች መካከል የትኛውም ደንብ ስለማይናገር ፓምፑ የመጨረሻውን ትዕዛዝ ይዞ ይቆያል፤ ደንብ ሁኔታው ሲያልፍ ትዕዛዙን በራሱ አይሽርምና። እዚህ ላይ ችላ የሚባል ነገር አለ። ሲሙሌሽኑ ሲጀምር ታንከሩ 3.5 ሜትር ላይ ከሆነ የፓምፑን ሁኔታ የሚወስነው በመነሻ የተሰጠው እሴት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ትቶ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ማንበብ ይሻላል።

የምርመራው እርከን ሲረዝም ስህተቱ የበለጠ ይደበቃል። ከላይ ባለው ታንከር ደንቡ በየሰዓቱ ቢታይ ውሃው የማቆሚያውን ከፍታ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ሊያልፈው ይችላል። ሆኖም ሞዴሉ አይጮህም። ኢፓኔት ታንከሩ ሲሞላ መግቢያውን በራሱ ይዘጋዋል፤ ሞልቶ እንዲፈስ የሚፈቅደው አማራጭ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 2.2 ስሪት ነው። መሬት ላይ ግን ውሃው ሞልቶ ቁልቁል ይወርዳል።

ሰዓትና ቅድሚያም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የመብራት ታሪፍ በሌሊት በሚቀንስበት ቦታ «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላና ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ፓምፑ ይነሳ» የሚል ደንብ ይታሰባል። ሶፍትዌሩ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር፣ ሁለቱ ሁኔታዎች በ«እና» ከተያያዙ ደንቡ አንድም ጊዜ አይሠራም፤ የሚያስፈልገው «ወይም» ነው። በዚህ ላይ «እና የታንከሩ ከፍታ ከ4 ሜትር ካነሰ» ቢጨመር፣ ኢፓኔት «ወይም»ን ከ«እና» አስቀድሞ ስለሚያጣምር የተፈለገው ትርጉም ይገኛል። አብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች በተቃራኒው ስለሚሄዱ ፕሮግራመር የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሌሊት ታንከሩ ሲሞላ ደግሞ የሰዓቱ ደንብ «ይነሳ»፣ የከፍታው ደንብ «ይቁም» ሊሉ ይችላሉ። ቅድሚያ ቁጥር ያለው ያሸንፋል፤ ሁለቱም ከሌላቸው ቀድሞ የተጻፈው ይጸናል። ስለዚህ የተቋሙን ደህንነት የሚጠብቅ ደንብ ሁልጊዜ ከፍ ያለ የቅድሚያ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ለኢትዮጵያ ባለሙያ የሰዓት አቆጣጠሩም አለ። የፓምፕ ጣቢያ መዝገብ ላይ «3:00» ተብሎ የሰፈረ ሰዓት ለሶፍትዌሩ 9 ሰዓት ነው፤ ጠዋት ይሁን ማታ ካልተለየ ደግሞ ስህተቱ ግማሽ ቀን ይሆናል። የፍጆታ ሰንጠረዡ በአንድ አቆጣጠር፣ ደንቡ በሌላው ከገባ ፓምፑ ፍጆታው ከሚበረታበት ሰዓት በ6 ሰዓት ርቆ ይሠራል፤ ሞዴሉም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጨርሳል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ ቀላሉን መቆጣጠሪያ መጠቀም አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። አንድ ታንከርና አንድ ፓምፕ ላለው መረብ ይሻላል፤ በሰዓቱ ትክክለኛነትም ይበልጣል። ግን ኦፕሬተሩ ሁለት ነገር አመዛዝኖ በሚወስንበት ሁሉ አይበቃም። በግፊት ላይ ተመሥርቶ መስመር ሲከፈትና ሲዘጋም ሁለቱ ገደቦች ከተቀራረቡ ስሌቱ ሊዋልል ይችላል፤ በደንብ ጥንድ መጻፉ የተረጋጋ ሊሆን እንደሚችል የሶፍትዌሩ መመሪያ ራሱ ይጠቁማል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከማመቻቸት ጥናት ይመጣል፦ ኮምፒውተሩ ዝቅተኛውን ወጪ የሚሰጥ የሰዓት መርሐ ግብር ሊያወጣ ሲችል ደንብ ለምን ይጻፋል? መልሱ ፍጆታው ከተገመተው ሲለይ ይገኛል። ቋሚ መርሐ ግብር ታንከሩን አያይም፤ ደንብ ያየዋል። የአደላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደንቦቹን ራሳቸውን ለማመቻቸት ኤታር የተባለ መሣሪያ የሠሩት፣ የቀድሞው የኢፓኔት የፕሮግራም መሣሪያ ደንብን ከውጭ ለመቀየር ስለማይፈቅድ ነበር። በ2.2 ስሪት ይህ በር ተከፍቷል። ሦስተኛው ተቃውሞ ሁሉንም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ ይቻላል የሚል ነው። ደንቡ የክሎሪንን መጠን ማየት ስለማይችል፣ ክሎሪን ሲያንስ እርምጃ ለመውሰድ ፕሮግራም ግድ ነው። ሆኖም የደንቡ ጥቅም ፕሮግራም የማይጽፈው የጣቢያ ኃላፊ አንብቦ «እኛ እንዲህ አናደርግም» ሊል መቻሉ ላይ ነው። ይህን ጥቅም በቀላሉ አልለቅም።

በሞዴል ውስጥ ያለ ደንብ እውነተኛውን የውሃ ከፍታ ያነባል፤ ጣቢያ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ግን የሚያነበው ሴንሰሩ የሚነግረውን ነው። ይህን ክፍተት በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ባታዳል የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2017 የተጠናቀቀው የሳይበር ጥቃት መለያ ውድድር ነው። የተካሄደው ሲ-ታውን በሚባል 7 ታንከሮችና 11 ፓምፖች ባሉት መረብ ላይ ሲሆን፣ ፓምፖቹ የታንከር ከፍታን እያዩ ይነሳሉ። የንባቡ ቁጥር ሲበረዝ ደንቡ እንደተጻፈ እየሠራ ታንከሩ ሞልቶ ይፈሳል። የተበላሸ ሴንሰርም ያለ ማንም ጠላት ይህንኑ ያደርጋል።

ትልቁ ፈተና ግን ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ነው። አዲስ አበባን ብንወስድ ከደቡብ ከአቃቂ ዝቅተኛ ቦታ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ሽቅብ ይገፋል፤ ሰሜኑ እስከ እንጦጦ ግርጌ ይወጣል። ስለዚህ የአንዱ ፓምፕ ውሳኔ ለሚቀጥለው የግፊት ጣቢያ መነሻ ይሆናል። ፈረቃውን በቫልቭ ደንብ መጻፍ ይቻላል፤ ሆኖም ሶፍትዌሩ ቀንን በስም ስለማያውቅ «ማክሰኞና አርብ» ከሲሙሌሽኑ መነሻ ጀምሮ በተቆጠሩ ሰዓታት አንድ በአንድ መዘርዘር አለበት። የመብራት መቋረጥም ከፍተኛ ቅድሚያ ባለው የማቆሚያ ደንብ ሊገባ ይችላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ደንብ አይሸፍነውም። ኢፓኔት ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ እንደሆነ ይቆጥራል፤ የደረቀ መስመር ሲሞላ አየር የሚያደርገውን አያውቅም። ውሃ በመጣ ቁጥር ሮቶውን የሚሞላው ቤተሰብም ራሱን እንደቻለ ትንሽ ታንከር ካልተሳለ፣ የፈረቃው ቀን ፍጆታ ከእውነተኛው በብዙ አንሶ ይወጣል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መረብ ላይ ደንቦቹን መፈተን የሚገባው ከጣቢያው የፓምፕ ሰዓት መዝገብ ጋር ነው፦ ሞዴሉ በሳምንት ውስጥ ፓምፑን ስንት ጊዜ አስነሳው፣ ስንት ሰዓት አሠራው፣ መዝገቡስ ምን ይላል? ሁለቱ ሲራራቁ መጀመሪያ ሊታረም የሚገባው ደንቡ ነው፤ የቧንቧው ሻካራነት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።