የጭሱ ሂሳብ በማን ይወራረድ?

መገናኛ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አለች። አሮጌ ሚኒባስ ተሳፋሪ ጭኖ ሲነሳ መጀመሪያ ቆሎዋን በጨርቅ ትሸፍናለች፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ የምትይዘው ከዚያ በኋላ ነው። «መኪናው የሰው፣ ጭሱ የኔ» አለችኝ። ይህ ንግግሯ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ።

የካምብሪጁ የምጣኔ ሀብት ምሁር አርተር ፒጉ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳው ይህንኑ ነው። በዚያ ዘመን ከባቡር የሚፈናጠር የእሳት ብልጭታ በሐዲዱ ዳር ያለውን ደን ያቃጥል ነበር፤ የባቡሩ ኩባንያ ግን ትርፍና ኪሳራውን ሲያሰላ የተቃጠለውን ደን አይቆጥርም። እንዲህ ያለውን ጉዳት ያደረሰው ወገን በታክስ ይክፈለው የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ የሚጠራው በፒጉ ስም ነው። ኖርዌይ በዚሁ መንገድ ሄደች፤ ነዳጅ በሚጠጣው መኪና ላይ ታክስ አክብዳ የኤሌክትሪኩን ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ እያደረገች መጣች። በ2024 እ.ኤ.አ. እዚያ ከተሸጡት አሥር አዳዲስ መኪኖች ዘጠኝ ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ።

እኛ ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መኪና ከቫት፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ነፃ ሆነ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው ጉምሩክ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተፈታትቶ ለሚመጣው ዜሮ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ።

ሐሳቡን እደግፋለሁ። ታክሱ ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ ጉምሩክ ላይ ነው። ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ዋጋው ይብስ ወጣ፤ ማን ይጥለዋል? ተክለሃይማኖት አካባቢ ያገኘሁት መካኒክ እንዲህ አለኝ፦ «ይህን ሞተር ሦስቴ አውርጄዋለሁ። ባለቤቱ ቦሎ ሊያወጣ ሲል ናፍጣውን ቀንስልኝ ይላል፤ ፖምፓውን እናስረዋለን፣ ጭሱ ይጠፋል። ቦሎው በወጣ ማግስት ዳገት አልወጣ አለኝ ብሎ ይመጣል፤ መልሼ እፈታለታለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ፣ ጭሱን እነሱም ይተነፍሱታል። ግን አልፈታም ብለው ጎረቤቴ ይፈታለታል።»

ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ ኃላፊ «በጥናት ላይ ነው» አሉኝ። ጥናቱ መቼ ያልቃል ብላቸው ስልካቸውን አንስተው ወጡ።

የታክሱ እፎይታ የደረሰው ግቢ ኖሮት ማታ መኪናውን ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ነው። ባለሚኒባሱ ብድር ሲጠይቅ ባንኩ ቤት አስይዝ ይለዋል። ከኤክሳይዙ ገቢ የተወሰነው ለእሱ የብድር ዋስትና ቢሆን፣ የጭስ ምርመራውም ቦሎ መጠበቁ ቀርቶ በድንገት መንገድ ላይ ቢደረግ፣ መካኒኩ የነገረኝ ዘዴ አይሠራም ነበር።