በቡና አገር የሚሰናዳ ድንገተኛ ልደት

የልደት ቀንን በኬክና በሻማ ማክበር በኢትዮጵያ ከተሞች ከተለመደ ቆይቷል፤ ባለልደቱ ሳያውቅ ተሰናድቶ በዕለቱ የሚገለጥለት ልደትም በከተሜው ዘንድ «ሰርፕራይዝ» እየተባለ ይጠራል። ፒክኒክ ደግሞ ምግብን ቋጥሮ ከቤት በመውጣት በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በወንዝ ዳር መመገብ ሲሆን፣ ስሙ ከውጭ ይምጣ እንጂ ነገሩ ለአገሩ ባዳ አይደለም፤ በስፌት ተሠርቶ ቆዳ የሚለብሰውና በጠፍር ተጠፍሮ የሚያዘው አገልግል፣ እንጀራውን ከነወጡ ይዞ ለመንገደኛና ለመስክ ተመጋቢ ሲያገለግል የኖረ ዕቃ ነውና። ሁለቱ ልማዶች ተገናኝተው፣ አንዱ የትዳር ጓደኛ ሌላው በማያውቀው ወይም ራሱ እንግዳ በሆነበት ከተማ የልደት ሽርሽር ሲያሰናዳ የሚነሡት ጥያቄዎች፣ ከኬኩ ጣዕም ይልቅ ስለ ዘመን አቆጣጠር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጾም፣ ስለ መሬት ባለቤትነትና ስለ ሰው ግንኙነት የሚነሡ ሆነው ይገኛሉ።

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ለዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ተስማሚ ምሳሌ ናቸው። ሚዛን ተፈሪ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተዋህዳ ሚዛን አማን የምትባል የቤንች ሸኮ ዞን ከተማ ስትሆን፣ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሸካ ዞን ትገኛለች፤ ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሎቹ፣ ባንኮቹና የቡና እርሻዎቹ ከሌላ አካባቢ የመጡ ብዙ ሠራተኞችን ስለሚያስተናግዱ፣ ባል አዲስ አበባ ሚስት ሚዛን፣ ወይም በተቃራኒው ሆነው የሚኖሩ ባለትዳሮች ጥቂት አይደሉም። ሚስቱ ሚዛን የምትሠራ አንድ ባል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ልደቷን በስውር ሊያሰናዳ ሲነሣ፣ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ደንብ አንድ ነው፤ ነገሩ ድንገተኛ መሆን ያለበት ለባለልደቷ ብቻ ሲሆን፣ ከእርሷ በቀር ግን የመሬቱ ባለቤትም፣ ጥበቃውም፣ ሾፌሩም፣ ቡና የምታፈላውም ሴት አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ከሁሉ በፊት የሚታየው ቀኑ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ልደትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ አንዳንዱ ደግሞ በመታወቂያ ወይም በፓስፖርት ላይ በሰፈረው የጎርጎርዮስ ቀን ስለሚያስብ፣ ሁለቱ የሚገጥሙ መስለው በአንድ ቀን የሚዛነፉበት ጊዜ አለ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 11 ፋንታ በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ይህም መዛነፍ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ይዘልቃል። ጥምቀት በሌሎቹ ዓመታት ጃንዋሪ 19 ውሎ በዘመነ ዮሐንስ ጃንዋሪ 20 የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ደግሞ ቀኑን የሚያገኘው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ በሌሎቹ ዓመታት የትኛውን ቀን እንደሚያከብር ከእናቱ ወይም ከእኅቱ በዘዴ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ የሚታየው ሰማዩ ነው። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ ረዥም የዝናብ ወቅት ያለው ሲሆን፣ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ኅዳር ድረስ ይቀጥላል፤ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት የተሻለ ደረቅ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በእነዚህም ወራት ዝናብ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለዚህ በነሐሴ የተወለደች ባለልደት በመስክ ላይ ተነጥፎ የሚጠብቃት ጋቢ በጭቃ የተለወሰ እንዳይሆን፣ ጠዋቱን መምረጥና ጣሪያ ያለው በረንዳ በተጠባባቂነት መያዝ ግድ ይሆናል።

በደረቁ ወራት ለተወለደች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ግን ከዝናብ ይልቅ የሚያሳስበው ጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ የነቢያት ጾም አለ፤ ከየካቲት ወዲህ ደግሞ፣ እንደ ዓመቱ ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ፣ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ይገባል። ከገና ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ያለው ጊዜ፣ የጥምቀት ዋዜማ ገሃድ፣ ሦስቱ የነነዌ ቀናትና እንደ ወትሮው ረቡዕና ዓርብ ሲቀሩ ፍስክ በመሆኑ፣ ሰማዩም ማዕዱም የሚገጣጠሙበት ምርጥ ወቅት ይህ ነው፤ ይሁንና ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ መኪና የሚያከራየውም ኬክ የሚጋግረውም በሥራ ተጠምዶ ስለሚሰነብት ትእዛዙ ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት። በጾም ወቅት የዋለ ልደት ከሆነ ደግሞ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚጋገር የጾም ኬክ ማሠራት፣ ወይም በኬኩ ፋንታ ድፎ ዳቦ ማስደፋት ይቻላል፤ ድፎው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር የሚያወጣው ሽታ ከብዙ ኬክ የሚበልጥ ነው። ባለልደቷ ሙስሊም ከሆነች ረመዳን፣ ፕሮቴስታንት ከሆነች የጉባኤና የእሑድ አምልኮ ሰዓት በተመሳሳይ ጥንቃቄ ይታያል።

ምሥጢር መጠበቅ በትንሽ ከተማ ከባድ ሥራ ነው። ሚዛን ላይ መናኸሪያ የወረደ እንግዳ ሻንጣውን ሳያሳርፍ ወሬው ሊቀድመው ይችላልና፣ አሰናጁ ከተማውን የሚያውቅ አንድ ተባባሪ ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረባ ወይም ባለልደቷ የተከራየችበት ግቢ ባለቤት ነው። አከራይዋ እትዬ የሚባሉ አዛውንት ከሆኑ አስቀድሞ በስልክ በአክብሮት ማስረዳት ይገባል፤ እንግዳ ሰው በግቢያቸው ዙሪያ ቢታይ የሚጨነቁት እርሳቸው ናቸውና። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ለኬክ ቤት፣ ለሾፌርና ለቡና ዕቃ የሚከፈለውን ቀብድ ከሩቅ ሆኖ ለመላክ ስላስቻለ፣ የዝግጅቱ ግማሽ አሰናጁ ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ሊያልቅ ይችላል።

የምሥጢሩ መጠንም ይመዘን። ባለልደቷ ከሥራ ፈቃድ መውሰድ፣ ለመንገድ የሚሆን ጫማ ማድረግና ለቅዝቃዜ የሚሆን ልብስ መያዝ ካለባት፣ «ቅዳሜ ከባልደረቦችሽ ጋር የቡና እርሻ ልታዪ ነው» ብሎ መንገሩ ደስታዋን አይቀንሰውም፤ ከማን ጋር እንደምትገናኝና ለምን እንደሆነ ብቻ ይደበቅ። ሥራ ላይ ውላ የደከመችን ሴት ሳትዘጋጅ ወደ ጫካ መውሰድ ወይም ለቀናት ስልክ ባለማንሣት ማስጨነቅ ስጦታ አይሆንም፤ ጭንቀቱ ከደስታው በላይ በልብ ሊቀር ይችላልና።

ቦታን በተመለከተ፣ ከሚዛን ወደ ጉራፈርዳ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የበበቃ ቡና እርሻ በአገሪቱ ካሉት ሰፋፊ የቡና እርሻዎች አንዱ ነው። ቡናው የሚያድገው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር በመሆኑ ቀትር ላይ እንኳ ቀዝቀዝ ያለ መቀመጫ ይገኛል። በቴፒ በኩልም ሰፊ የቡና እርሻና የቅመማ ቅመም ልማት አለ፤ ቁንዶ በርበሬው በዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ሲያድግ፣ ኮረሪማውና እርዱ በጥላው ሥር ሲበቅሉ ማየት ለከተማ ሰው ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። እነዚህ እርሻዎች ባለቤት፣ ጥበቃና የሥራ ሰዓት ያላቸው ድርጅቶች ስለሆኑ፣ አስቀድሞ ፈቃድ ሳይጠየቅ ምንጣፍ ዘርግቶ መቀመጥ አይቻልም፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ለቃሚዎች በሥራ ላይ በመሆናቸው የሚመደበው ቦታ ከእነርሱ የራቀ እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከአንድ አርሶ አደር ጓሮ ቡና ሥር መቀመጥ ቢፈለግም እንደዚሁ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ጥያቄውም ብዙ ጊዜ በመልካም ይመለሳል።

የተፈጥሮ ደን የሚመርጥ ሰው፣ የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ.፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው እንደተመዘገቡ ማወቅ ይኖርበታል። ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ማለት ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ሆኖ በሦስት የተከፈለ መሬት ነው፤ ማዕከላዊው ክፍል እንዳይነካ የሚጠበቅ፣ በዙሪያው ያለው ቀበቶ ማርና ቡናን ለመሰለ ቀላል ጥቅም የተፈቀደ፣ የውጭኛው ደግሞ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። ለሽርሽር የሚመረጠው ይህ የውጭኛው ክፍል ሲሆን፣ ፍም ያለበት ማንደጃ ይዞ ወደ ውስጥ መዝለቅ በደረቅ ወቅት ለደን ቃጠሎ መንሥኤ ስለሚሆን መታሰብም የለበትም።

የቡናው አበባ የሚፈነዳበት ጊዜ ግን ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል። ደረቁ ወቅት ሲገባደድ በየካቲትና በመጋቢት መጀመሪያ የሚጥለው ዝናብ እምቡጡን ያነቃዋል፤ ከዚያም ከሳምንት ገደማ በኋላ እርሻው በሙሉ በነጭ አበባ ተሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ብቻ ያውዳል። ይህን ቀን ከአዲስ አበባ ሆኖ አስልቶ ማግኘት ስለማይቻል፣ ዝናቡ እንደጣለ የሚደውል የአካባቢ ወዳጅ ያለው አሰናጅ የታደለ ነው፤ ልደቱን በሁለት ሦስት ቀን አሳልፎ ለአበባው ማድረስም ምንም ነውር የለበትም።

ለማዕዱ ከሩቅ የሚጫን ነገር ሊበዛ አይገባም። በሚዛንና በቴፒ ገበያ ሙዝ፣ አናናስ፣ ፓፓያና አቮካዶ፣ እንዲሁም የደን ማር እንደ ወቅቱ ይገኛሉ፤ ቆጮና ጎደሬም የአካባቢው ምግብ ናቸው። ከቡና ቅጠል ከቅመም ጋር የሚፈላው ጨሞ የአካባቢው ሰው የሚወደው መጠጥ በመሆኑ፣ የሚያውቀው ሰው ፈቅዶ ቢያፈላው ለባለልደቷ አዲስ ነገር ይሆንላታል። ከምግቡ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚቀዳው ቡና ያለ ችኮላ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ ሁለቱ ሰዎች በእርጋታ የሚጨዋወቱበትን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ዝግጅት ይሰጣቸዋል።

በዚህ አገር ሜዳ ላይ ለሁለት ብቻ ተቀምጦ መብላት እንደማይቻል ግን መታወቅ አለበት። መንገደኛ ያልፋል፣ ሕፃናት ይሰበሰባሉ፤ የሚያልፈውን ሰው «እንብላ» ሳይሉ መጉረስም ከባህሉ ውጭ ነው። ስለዚህ ዳቦው ተጨማሪ ይሁን፣ ሲኒውም ከሁለት ይብለጥ፤ ብቻ ለብቻ የሚባለው ቃልና የሚሰጠው ስጦታ ደግሞ ከበረካ በኋላ እንግዳው እስኪሰናበት ይቆይ። በሰው ፊት መተቃቀፍና መሳሳም በገጠሩ ስላልተለመደ ፍቅሩ በአነጋገርና በመስተንግዶ ቢገለጥ ለባለልደቷም ይቀላታል፤ እርሷ ነገ በዚያው ከተማ ሥራ የምትገባ ናትና።

ጦጣና ዝንጀሮ ያልተከደነ ምግብ ይነጥቃሉ፤ ጉንዳን የሚመላለስበት መስመር ላይ ምንጣፍ መዘርጋትም ማዕዱን ያስነሣል። በበበቃም በቴፒም ቆላማ አካባቢ የወባ ትንኝ በምሽት ስለምትነድፍ፣ እንዲሁም መንገዱ በጨለማ ስለሚከብድ፣ ከ11 ሰዓት በፊት ዕቃ መሸከፍ ይበጃል፤ ፀሐይ በሚዛን ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ብትጠልቅም በጥቅጥቅ ጥላ ሥር ጨለማው ይፈጥናል። የመንገዱ ደኅንነት ሁኔታም በዋዜማው ከአካባቢው ሰው ይጠየቃል።

ስጦታን በሚመለከት፣ የቡና ችግኝ ይዞ ወደ አዲስ አበባ መመለስ የሚያምር ሐሳብ ቢመስልም ብርዱ ለተክሉ አይስማማውም። ከዚያ ይልቅ የጌሻ ቡና አለ። ዘሩ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ደቡብ ምዕራብ ደን ተወስዶ፣ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል በ1953 እ.ኤ.አ. ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ዘልቆ በ2004 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የቡና ውድድር ሲያሸንፍ ዓለም ስሙን አወቀ። ሚዛን የምትኖር ሴት ይህ ቡና ከደጃፏ የወጣ መሆኑ በጽሑፍ ከተገለጸበት ካርድ ጋር ብታገኘው፣ ከየትም ከተማ ሊገዛ ከሚችል ሽቶ የተሻለ ይሆናል።

ከመነሣት በፊት ፍሙ በውኃ ይጠፋል፣ ፌስታሉና ጠርሙሱ ተለቅሞ ወደ ከተማ ይመለሳል፣ የተረፈው ዳቦና ፍራፍሬ ለጥበቃው ቤተሰብ ይሰጣል፤ ፎቶግራፎቹም ታትመው ቦታውን ለፈቀደው ሰው አንዱ ይላክለታል።