የስኳር አተላና ጥቁሮቹ ፍሬዎች

ከአሊዩ አምባ ገበያ ቁልቁል የሚወርደው ውሃ መዳረሻው አዋሽ ነው። የኢትዮጵያ ስኳርም በዚሁ ወንዝ ዳር አደገ፤ ኔዘርላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ1954 ወንጂ ላይ ፋብሪካ ከፈቱ፣ መተሐራ ተከተለ። ከስኳሩ የሚተርፈው ጥቁር ሞላሰስ ቆይቶ መጀመሪያ ፊንጫ ላይ፣ ከዚያም መተሐራ ላይ ኢታኖል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የአዲስ አበባ መኪኖች 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መቅዳት ጀመሩ። ስለ ነዳጁ ብዙ ተወራ፤ ስለ አተላው ግን ብዙም አልተወራም።

ደብረ ብርሃን ላይ አረቄ የምታወጣ ሴት አተላዋን ለከብት ትሰጣለች። የፋብሪካው አተላ ግን በባልዲ የሚያልቅ አልነበረም። አንድ ሊትር ኢታኖል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር ቡናማ፣ ትኩስና ኮምጣጣ ፈሳሽ ይቀራል። በዓመት 12.5 ሚሊዮን ሊትር ኢታኖል እንዲያመርት ለታሰበው መተሐራ ሂሳቡን አንባቢ ራሱ ይሥራው።

ብራዚሎች ይህን ጣጣ ቀድመው አይተውታል። በ1975 የኢታኖል ዘመቻቸውን ሲጀምሩ አተላው ወንዝ ውስጥ ይደፋ ነበር። በውሃው ያሉ ተሕዋስያን ሲመገቡት ኦክሲጅኑን ጨረሱት፤ ዓሣው አለቀ። መንግሥት በ1978 መድፋቱን ከለከለ። ፋብሪካዎቹ አተላው ፖታሽ እንዳለው አውቀው የአገዳ እርሻ ላይ ረጩት። መሬቱ ጠገበ፣ በውስጡ የነበረው ጉልበት ግን እንዲሁ ባከነ።

ጉልበቱን ማውጣት የሚችሉ ተሕዋስያን እንዳሉ ይታወቅ ነበር፤ ኦክሲጅን የሚጠሉ፣ የበሉትን ወደ ሚቴን ጋዝ የሚለውጡ። ችግራቸው ዘገምተኝነታቸው ነው። ከመራባታቸው በፊት የሚፈሰው ውሃ ጠርጎ ያወጣቸዋል። ውሃው እየሄደ እነሱ እንዲቀሩ ምን ይደረግ?

በ1969 ያንግና ማካርቲ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ መላ አቀረቡ፤ ተሕዋስያኑ የሚጣበቁበት ድንጋይ ታንከሩ ውስጥ መሙላት። በኔዘርላንድ ዋገኒንገን የሚሠራው ጋትዘ ሌቲንጋ ሐሳቡን ወድዶ ሞከረው። ታንከሩ ሲከፈት ግን ያልጠበቀውን አየ። ተሕዋስያኑን ከያዘው ጭቃ ብዙው ድንጋይ መሙያው ላይ አልተጣበቀም፤ በራሱ ተጠራቅሞ መሐል መሐሉን ሰፍሯል። ሌላ ሰው ቢሆን የተሻለ መሙያ ይፈልግ ነበር። እሱ መሙያውን አውጥቶ ጣለው።

ፍሳሹ ከታች ገብቶ በዝግታ ወደ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ከላይ ጋዙን ለብቻ የሚይዝ፣ ጭቃውን ወደ ታች የሚመልስ ክዳን ሠራ። መያዣ የሌላቸውን ተሕዋስያን ግን ማን ያስቀራቸዋል?

መልሱ የመጣው እዚያው ኔዘርላንድ፣ ሃልፍቬግ ከሚገኝ የስኳር ቀይ ሥር ፋብሪካ ነው። እዚያ በቆመው 6 ሜትር ኩብ የሙከራ ታንከር ሥር ጭቃው ጭቃነቱን ትቶ ነበር። ድቡልቡል፣ ጥቁር፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማያልፉ ፍሬዎች ሆኗል። ብርጭቆ ውስጥ ሲጨመሩ ወዲያው ይዘቅጣሉ። ማንም አላጣበቃቸውም። ወደ ላይ የሚገፋው ውሃ ቀላል ቀላሉን ጠርጎ ሲያወጣ፣ እርስ በርስ ተያይዘው የከበዱት ቀሩ። ሲፈሩት የነበረው ውሃ ራሱ ኖሯል መራጩ!

በ1970ዎቹ መጨረሻ የፋብሪካው ባለቤት የሆነው የስኳር ኩባንያ 200 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር አሠራ። ሌቲንጋ ግኝቱን ማንም እንዲጠቀምበት ብሎ የባለቤትነት መብት ሳያስመዘግብ ተወው።

የአገዳ አተላ ግን ቶሎ እጅ አልሰጠም። ሙቀቱና ጨዉ ተሕዋስያኑን ያስቸግራል፤ በውስጡ ያለው ሰልፌት ደግሞ ሞተር የሚበላ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይሆናል። ከዚያም ወቅት አለ። አተላ ማከማቸት አይመችም፤ አገዳ መቁረጥ ሲቆም ተሕዋስያኑ ይራባሉ። በ2020 ብራዚል ጓሪባ ላይ የተከፈተው፣ ከአተላ ጋዝ ኃይል የሚያመነጨው 21 ሜጋዋት ጣቢያ ይህን የፈታው ከጭማቂ ማጣሪያው በሚወጣው ፊልተር ኬክ ነው። እሱ ተከምሮ ይቆያል፤ አተላ በሌለበት ወራት ለተሕዋስያኑ ይቀርባል። የእኛም ፋብሪካዎች ክረምት ሲገባ መፍጨት ያቆማሉ፤ ፊልተር ኬክም አላቸው።