«ተማር እንጂ ፖለቲካ ውስጥ አትግባ»፦ ምክሩ ምን ያህል ያስኬዳል?

ይህን ምክር ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ፣ ሻንጣው ተዘጋጅቶ፣ በሶው ተቋጥሮ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ከእናት አፍ የሚወጣው የመጨረሻ ቃል ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። «አደራህን፣ ትምህርትህን ብቻ!» ይህን የሚሉ ወላጆች አይወቀሱም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤታቸው ወጥተው ከቀሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች አብረውን ከተማሩት መካከል ስማቸውን የምናስታውሳቸው፣ መቃብራቸውን ግን የማናውቀው አሉ። ያን ያየ ቤተሰብ ትምህርትንና ፖለቲካን አራርቆ ማስቀመጥ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

ጥያቄው ግን ሁለቱን ማራራቅ ይቻላል ወይ ነው። እኔ የተማርኩት ነርስነት እንጂ ፍልስፍና አይደለም። ይሁን እንጂ በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ብዙ ዓመታት መርፌ ከመውጋትና ቁስል ከማጠብ እኩል ጊዜዬን የወሰደው ሰው ማስተማር ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ስለ ትምህርትና ስለ መንግሥት የጻፉ ሰዎችን ማንበብ ልማዴ ሆኗል። ያነበብኩትን ከኖርኩት ጋር ሳመሳክር የደረስኩበትን ለእናንተ ለወላጆች ላካፍላችሁ።

ነገሩ የቆየ ነው

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት አቴና ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለፍርድ ቀረበ። ሶቅራጥስ ነው። ክሱ ሁለት ነበር፤ ከተማዋ የምታመልካቸውን አማልክት አታምንም፣ ወጣቶችንም ታበላሻለህ የሚል። ሶቅራጥስ ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ መጽሐፍም አልጻፈም። ሥራው በገበያና በአደባባይ ሰው እያስቆመ መጠየቅ ነበር። ፍትሕ ምንድን ነው? ጀግንነትስ? አውቃለሁ የሚለው ሹም መልስ ሲያጣ ወጣቶቹ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ እነሱም ሌላውን መጠየቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ሞት ተፈርዶበት መርዝ ጠጣ። ልብ በሉ፣ ይህን የፈረደው አንድ አምባገነን ንጉሥ አይደለም፤ በዜጎቿ ድምፅ የምትተዳደር ከተማ ናት።

ተማሪው ፕላቶ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ከባድ ነው። «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ትምህርት ለአጋጣሚ የሚተው ነገር አይደለም። ልጆች የሚሰሙት ተረት ሳይቀር በመንግሥት ይመረጣል። ለገዢነት የታጨውም እየተመዘነ እስከ ሃምሳ ዓመቱ ድረስ ይማራል፣ ይፈተናል። የፕላቶ ተማሪ አርስቶትል ደግሞ ነገሩን ወደ መሬት አወረደው። እያንዳንዱ የመንግሥት ዓይነት ዜጎቹን በራሱ መልክ ካላስተማረ አይጸናም፤ ስለዚህ ሕግ አውጪ ከሁሉ በፊት የልጆችን ትምህርት ማሰብ አለበት ይላል።

አርስቶትል ያለው በእኛ ቤት

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሦስት ትውልድ አብሮ በሚኖርበት ቤት ውስጥ «ጥሩ ዜጋ» ስለመሆን የተማራችሁበትን መጽሐፍ አምጡ ብትሉ እያንዳንዱ የተለያየ ነገር ይነግራችኋል። በንጉሡ ዘመን የተማሩት አያት ግብረ ገብን ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን የተማሩት እናት ወይም አባት ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን ያነሳሉ። በኢሕአዴግ ዘመን የተማረው ልጅ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባርን፣ የአሁኑ ታዳጊ ደግሞ የዜግነት ትምህርትን ይጠቅሳል። መንግሥት ሲለወጥ መጽሐፉም ይለወጣል።

እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል የሰጋው ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ስለ ነፃነት በሚናገረው መጽሐፉ፣ መንግሥት እያንዳንዱ ልጅ እንዲማር ማስገደድ አለበት፣ ትምህርቱን በሙሉ በራሱ እጅ መያዝ ግን የለበትም ይላል። ምክንያቱም መንግሥት ብቻውን የያዘው ትምህርት ሰውን ሁሉ በአንድ ቅርጽ ማውጫ ይሆናል።

ሆኖም የሀገራችን ታሪክ ቅርጽ ማውጫው ሁልጊዜ እንዳሰቡት እንደማይሠራ ያሳያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስቴርን ለረጅም ዓመታት በራሳቸው ኃላፊነት ይዘው ነበር። ስድስት ኪሎ ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ታማኝና የተማረ አገልጋይ እንዲወጣላቸው ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ። ማንበብ የተማረ ሰው የሚያነበውን ሁሉ አስቀድሞ መወሰን አይቻልም።

የአንዲት እናት ደረሰኝ

እኔ ራሴ ይህን ያየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በየዙሩ ቀጠለ፤ ትምህርቱም በጊዜ ሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እኔ ወደ ገጠር በተላክሁበት ዙር የምናስተምረው ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ሰሌዳው ጥቁር የተቀባ ጣውላ ነው። በምናስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ ስለ አብዮቱ የተጻፈ አይጠፋም፤ መንግሥት ሕዝቡ ማንበብ እንዲችል የፈለገው የራሱን ቃል እንዲያነብለትም ጭምር ነበርና።

ከተማሪዎቼ አንዷ አርባ ዓመት ያለፋቸው የአምስት ልጆች እናት ነበሩ። መጀመሪያ ስማቸውን፣ ቀጥሎ ቁጥር ለዩ። አንድ ቀን ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ወረቀት ፈተው ሰጡኝና «ልጄ፣ እስቲ እኔ ላንብበው አንተ አርመኝ» አሉ። የመዋጮ ደረሰኝ ነው። ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ትክክል ነበሩ። ከዚያ ዝም አሉ። እሳቸው የከፈሉት ገንዘብ ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ይበልጥ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ብድግ ብለው ሰብሳቢውን ጠየቁ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሎችም ከየመቀነታቸውና ከየኪሳቸው ወረቀት ማውጣት ጀመሩ። መልሱ እስከ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳላይ ዙሩ አልቆ ተመለስኩ። ነገር ግን እኚያ እናት የአንድም ፓርቲ አባል አልነበሩም። ስለ አብዮቱ የተጻፈውን ገጽም ያስታውሱት አይመስለኝም። ከትምህርቱ የወሰዱት «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅን ነው። እኔ ፖለቲካ የምለው ይህን ነው።

ኋላ ስለ ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ ሳነብ እኚያ ሴት ትዝ አሉኝ። ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል አንጂኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ያህል ትምህርት ማንበብና መጻፍ አስጀመረ። የሚያስተምራቸው ከራሳቸው ኑሮ በተወሰደ ቃል ነበር። ለምሳሌ ለግንበኞች «ጡብ» የሚለው ቃል ይቀርባል፤ ከፊደሉ ጋርም ውይይት ይከፈታል። በዚያ ጊዜ በብራዚል ሕግ ማንበብ የማይችል ሰው መምረጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ ፊደል ማስቆጠር ማለት መራጭ ማብዛት ነበር። በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ፍሬሬን አሰሩት፤ ከዚያም ተሰደደ። ማንበብ የማይችሉ ብራዚላውያን የመምረጥ መብት ያገኙት በ1985 ነው።

ፍሬሬ የተለመደውን ማስተማር ከባንክ ጋር ያመሳስለዋል። መምህሩ ገንዘብ አስቀማጭ፣ ተማሪው የገንዘብ ሣጥን ነው። የሚከተተውን ይቀበላል፣ በፈተና ቀን ይመልሳል። እንዲህ የተማረ ሰው የለመደው መቀበልን ስለሆነ ነገ ሹም ሲመጣም ይቀበላል። እንግዲህ ፖለቲካው ከመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ከማስተማሪያው መንገድም ይገባል ማለት ነው።

«ገብቷችኋል?» «አዎ!»

ይህን እኛ የጤና ሠራተኞች በደንብ እናውቀዋለን። ጠዋት ጠዋት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ወረፋ ለሚጠብቁ እናቶች የጤና ትምህርት ይሰጣል። ስለ ተቅማጥ ይነገራል፤ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል ይባላል። «ገብቷችኋል?» ሲባል «አዎ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ከሳምንት በኋላ ሕፃኑ ዓይኑ ጎድጉዶ ይመጣል።

ብዙ ያስተማረችኝ አንዲት ነባር የሥራ ባልደረባዬ ግን «ገብቷችኋል?» ብላ አትጠይቅም ነበር። «እመቤት፣ ቤትሽ ውኃ የምትለኪው በምንድን ነው?» ትላለች። ያን ጊዜ ነገሩ ይወጣል። ሊትር የሚባል ዕቃ ያለው ቤት ጥቂት ነው። አንዷ በጣሳ፣ ሌላዋ በጆግ፣ ሌላዋ በግምት ነው። ከዚያ እናቶቹ ራሳቸው ይከራከሩና ባዶ የቢራ ጠርሙስ በየሰፈሩ እንደሚገኝ፣ ሦስቱ ጠርሙስ አንድ ሊትር ያህል እንደሚሞላ ይስማማሉ። ያቺ ክርክር ሕይወት ታድናለች። አንዳንዷ እናት በዚያው ድፍረቷ «ለምንድን ነው መድኃኒት የለም የምትሉን?» ብላም ትጠይቃለች። ይህን የማይወድ ኃላፊ አጋጥሞኛል። ቢሆንም አንዱን ፈልጎ ሌላውን መከልከል አይቻልም፤ ስለ ልጇ ውኃ መናገር የጀመረች እናት ስለ ጤና ጣቢያው በጀትም ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫም ሕዝብ በጤና አገልግሎቱ ዕቅድና ሥራ መሳተፍ መብቱም ግዴታውም ነው ይላል።

ታዲያ ልጆቻችንን ምን እንበላቸው?

እዚህ ላይ ከወላጆች ስጋት ጋር የሚስማማ ሐሳብ ያላት ሴት ላንሳ። ሐና አረንት ከናዚ ጀርመን ሸሽታ አሜሪካ የኖረች ፈላስፋ ናት። በ1950ዎቹ ስለ ትምህርት በጻፈችው ጽሑፍ፣ አዋቂዎች ለማምጣት የሚፈልጉትን ለውጥ በልጆች ትከሻ ላይ መጫን የለባቸውም ትላለች። ፖለቲካ በእኩዮች መካከል የሚደረግ ክርክር ነው፤ ልጅና አዋቂ ደግሞ እኩል አይደሉም። የእሷን ሐሳብ ከዘመቻና ከሰልፍ ብዛት የተረፍን ሰዎች በቀላሉ እንረዳታለን። ልጆችን መፈክር ማሸከም፣ ክፍል ውስጥ አባል መመልመል፣ ስለ ወላጆቻቸው አቋም መጠየቅ ትምህርት አይደለም።

ነገር ግን ልጅን ከፖለቲከኞች መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄውን መንጠቅ ሌላ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ያደገ ልጅ ከፖለቲካ አይርቅም፤ መጀመሪያ የደረሰበት ጮክ ብሎ ተናጋሪ ይወስደዋል። ቤት ውስጥ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያልለመደ፣ ስልኩ ላይ የደረሰውን የጥላቻ ወሬ እንዴት ይጠይቀዋል? እኛ የምንፈራው ነገር ልጁን የሚያገኘው እኛ ዝም ባሰኘነው በኩል ነው።

መጠየቅ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚሉም አይጠፉም። እንደዚያ አይደለም። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያለው የራሳችን ሰው ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ እንደ ቅኔ አይቆጠርለትም፤ የራሱን አዲስ ይዞ መቅረብ አለበት። «በላ ልበልሃ» እየተባባለ የሚሟገት ሕዝብም ክርክርን ከማንም አልተዋሰም።

ከቤት የሚጀመረው ነገር ቀላል ነው። ልጅ በእራት ሰዓት «ለምን?» ሲል «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ከማለት መልሱን መንገር፣ ካላወቅንም አብሮ መፈለግ። በቤተሰብ ውሳኔ፣ ለምሳሌ የወሩ ገንዘብ ሲከፋፈል፣ እድሜው የሚፈቅደውን ያህል ሐሳቡን ማድመጥ፤ ሐሳቡ ተቀባይነት ካጣም ምክንያቱን ማስረዳት። የማይስማማበትን ሰው ሳይሳደብ እንዲመልስ ማለማመድ። ትምህርት ቤት ለወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ብቻ ሳንወሰን «ልጆቻችን ክፍል ውስጥ መጠየቅ ይችላሉ?» ብለን እኛም መጠየቅ። ዩኒቨርሲቲ ለሚሄደው ልጅ ደግሞ «አደራህን፣ ሳትጠይቅ ማንንም አትከተል» ብንለው፣ ቀን ከሌሊት የምንጨነቅለትን ልጅ ይበልጥ የሚጠብቀው ይመስለኛል።