የለገሐሩ ባቡር ጠረጴዛ ላይ

«ለገሐር» ሲባል ልቤ የሚሄደው ወደ አሮጌው ምድር ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ያ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። ዛሬ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌውን ባቡር ሞዴል መሥራት የሚፈልግ ሰው ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው።

በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ባቡር «ኤች ኦ» ይባላል፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። 1,435ን ለ87 ስናካፍል 16.5 ይመጣል፤ የሞዴሉ ሐዲድ ስፋትም 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሜትርን ስናካፍል ደግሞ 11.5 ገደማ እናገኛለን፤ ለዚህ የተሠራው ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በሰፊው ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ሠረገላ ገዝተን ጎማውን እናጠባለን።

ሠረገላውን ገልብጡት። ከሥሩ፣ በሁለቱም ጫፍ፣ አራት አራት ጎማ የያዘ እግር ታገኛላችሁ። ብሎኑን በካቻቢቴ ፍቱና ዘንጎቹን አውጡ። የዘንጉ ጫፍ እንደ መርፌ ሹል ነው፤ በእግሩ ጎንና ጎን ባሉት ጉድጓዶች ገብቶ ይሽከረከራል። ዘንጉን እንዳታሳጥሩት፤ ካጠረ መያዣ አጥቶ ይወድቃል። ወደ መሀል የሚጠጉት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው። ዘንጉ ላይ ጠብቀው ስለገቡ በሞርሳ ቀስ እያላችሁ ግፏቸው፤ ሁለቱንም እኩል። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ አንዱን አብዝቼ ገፋሁት፤ ሠረገላው መስመር መቀየሪያው ላይ በደረሰ ቁጥር ከሐዲዱ ይወጣ ነበር። አሁን ከጎማ ጀርባ እስከ ጎማ ጀርባ ያለውን ርቀት ዘንጉን እያዞርኩ ሦስት ቦታ ላይ በካሊፐር እለካለሁ። ሦስቱ ልኬት ካልተስማማ ጎማው ጠሟል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በሐዲዱ ነው፤ አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ። ጎማው ብረት ከሆነ ቢያንስ በአንዱ ጎማና በዘንጉ መካከል ቀጭን የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ስትገፉ ያ ቀለበት ከተሰነጠቀ ሾርት ያደርጋል፤ ሐዲዱ ላይ ያለው ባቡር ሁሉ ይቆማል።

የሐዲድ ስፋት እንዲህ ይቀየራል። ስኬል፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ፣ ግን አይቀየርም። ከእውነተኛው 76 ጊዜ የሚያንስ ሠረገላ 87 ጊዜ ከሚያንሰው ጋር ሲተያይ በርዝመት የሚበልጠው በ15 በመቶ ያህል ነው፤ በይዘት ግን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። በሩ፣ መስኮቱ፣ መቀመጫው ሁሉ ትልቅ ነው፤ ይህን የሚያስተካክል ጎማ የለም። እንግሊዞች 76 ጊዜ ያነሰውን ባቡራቸውን በዚያው 16.5 ሐዲድ ላይ ያስኬዱታል። ሒሳቡ ሲሠራ እውነተኛው ሐዲድ 1,254 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር እንደ ማለት ነው፤ 18 ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ከፊት ለፊት ሲታይ ትልቅ ሰው የልጅ ጫማ አድርጎ የቆመ ይመስላል። ይህ ያላስደሰታቸው ሞዴል ሠሪዎች ጎማውን አስፍተው 18.83 ሚሊ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ ያስኬዳሉ።

የሰፊ መስመር ሠረገላ ጎማው ቢጠብም አካሉ ያው ሰፊው ነው፤ የለገሐሩን ለመምሰል አካሉም መጥበብ አለበት፤ ይህ ደግሞ ከጎማው ሥራ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ውዱን የመንገደኛ ሠረገላ አትንኩ፤ አንድ ርካሽ የዕቃ ፉርጎ ገዝታችሁ እጃችሁን በእሱ አፍታቱ።